ቫርኒሽ የማይሻ ፊደል

ሀዋሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለበርናባስ። ሰላምታዬ በሰው አገር በጤናህ ያግኝህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናትህ ብርሃነሽ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

ይህን ደብዳቤ የምትጽፈው ልጄ ሩሐማ ናት። መነጽሬ ተሰብሮ ሊጠገን ሄዷል። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ከራሷ አንዲት ቃል እንዳትጨምር አስጠንቅቄያታለሁ፤ ይህንንም ራሱን ጻፊው ብያታለሁ። ለምን አልደወሉም እንዳትለኝ። ስለ ፊደል በስልክ እየጮሁ ማውራት አይሆንልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታቦር ዳገት ላይ የሚሠሩ የባጃጅ ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው፣ እያንዳንዱ ባጃጅ የማኅበሩን ስምና የጎን ቁጥሩን በግራና በቀኝ እንዲያጽፍ ወሰኑ። መቶ ሰማንያ ባጃጅ ነው። ሊቀ መንበሩ ሙህዲን ነው፤ ያ በልጅነትህ ብስክሌት ያከራይህ የነበረው። መጥቶ «ጋሼ፣ ሥራው የእርስዎ ነው፤ ግን ልጆቹ ስቲከር ይሁን ይላሉ» አለኝ። ከሱቄ አጠገብ ኮምፒውተር ይዞ የተቀመጠ ጎረምሳ አለ፤ እሱ በቀን የሃያ ባጃጅ አትማለሁ ይላል። እኔ በቀን አራት ብጽፍ ነው፤ ያውም ቀለሙ እስኪደርቅ ባለ ባጃጁ አጠገቤ ቆሞ ካልነዘነዘኝ።

ይህ ሥራ ካመለጠኝ ሱቁን እዘጋለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ፒያሳ ላይ ፊደል ጽፌ ኖሬ፣ ሌላው ሲያትም እያየሁ በር ላይ አልቀመጥም። እናትህ አንተ እዚያ ፊደል የሚቆርጥ ማሽን ላይ እንደምትሠራ ነግራኛለች። እስኪ ንገረኝ፣ ይህ ስቲከር የሚሉት ምንድን ነው? እዚህ ሁሉንም ስቲከር ነው የሚሉት። አንዱ ይላጣል፣ አንዱ አይላጥም፤ ምክንያቱን የሚያስረዳኝ አጣሁ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል እውነቱን ጻፍልኝ።

አጎትህ ኃይለሚካኤል


ሻርጃ፣ ኅዳር 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ኃይለሚካኤል። ከባሕር ማዶ ሆኜ እጅ እነሳለሁ፤ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጸሐፊዋን ሩሐማንም ሰላም ይበሉልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ አሁን በረድ ብሏል፤ እንደ ሰው መተኛት ጀምረናል።

ጋሼ፣ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፤ ስሙ ነው አንድ የሆነባችሁ። አንደኛው የሚታተመው ነው። ፊደሉም ጀርባውም አንድ ላይ ታትሞ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ምልክት ይለጠፋል። ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ሥዕልም ይሆናል። ባለ ባጃጁ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ከፈለገ በዚያ ነው የሚያምርለት። ነገር ግን ዳር አለው፤ ዳር ያለውን ነገር ውሃም ጥፍርም ያገኘዋል። ፀሐይም ቀለሙን ትበላዋለች።

ሁለተኛው ቁርጡ ነው። ቀለሙ ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ ስስ ፕላስቲክ ነው። ማሽኔ በስለት የፊደሉን ዙሪያ ይቆርጣል፣ ትርፉ እየተነቀለ ይወጣል፣ ፊደሉ ብቻ ይቀራል። ከተለጠፈ በኋላ ጀርባ የለውም፤ የባጃጁ ቆርቆሮ ራሱ ጀርባው ነው። ያላወቀ ሰው በብሩሽ የተጻፈ ይመስለዋል። አንድ ቀለም ብቻ መሆኑና ለጣፊውን ማልፋቱ ነው ችግሩ።

ልብስ በምትነግደው በወይዘሮ አልማዝ እጅ ከሁለቱም ናሙና ልኬያለሁ። ሁለቱም ላይ «ታቦር 07» ይላል። ቆርቆሮውን በሳሙና ያጥቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ የጀርባውን ወረቀት ልጠው ይለጥፉት፣ በካርድ እየጫኑ አየሩን ያስወጡ። ቁርጡ ከላዩም መያዣ ወረቀት አለው፤ እሱን መጨረሻ ላይ ቀስ ብለው ያንሱት። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አድርገው ይፈትኗቸውና ራስዎ ይፍረዱ።

ታዛዥዎ በርናባስ


ሀዋሳ፣ ጥር 25 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለበርናባስ። የጥምቀቱ በረከት አንተንም ይድረስህ። አልማዝ ዕቃውን በሰላም አድርሳልናለች። የላክልኝን ሸሚዝ ለብሼ ታቦቱን ሸኝቻለሁ፤ አንገቱ ይጠባል፣ ቢሆንም ተመስገን ነው።

ፈተናውን በሙህዲን ባጃጅ ላይ አደረግሁት። በግራ የታተመውን፣ በቀኝ ቁርጡን ለጠፍኩ። ኋላዋ ላይ ደግሞ የእኔው የብሩሽ ጽሑፍ አለ፤ ባጃጇን በገዛ ጊዜ የጻፍኩለት። ሦስቱም አብረው ይሠራሉ፣ አብረው አቧራ ይበላሉ፣ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር አብረው ይታጠባሉ።

የታተመው በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጥጉ ተነሣ። ተሳፋሪዎቹ ደግሞ አይምሩም፤ የተነሣ ነገር ሲያዩ እጃቸውን ይበላቸዋል። አሁን «ታቦ» ነው የሚለው። ቁርጡ ግን ገና በሁለተኛው ቀን ተጨማደደ! እንደ ወተት ስልባቦት ተሰብስቦ ቀረ። ባሕር ማዶ ድረስ ሄደህ የተማርከው ይህንኑ ነው ወይ? እንደ ሥርዓቱ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በካርድ ተጭኜ፣ ወረቀቱን አንሥቼ፣ ላዩን ቫርኒሽ ቀብቼ ነው የለቀቅኩት። የእኔ ሥራ ያለ ቫርኒሽ ከሱቅ ወጥቶ አያውቅም።

የኋላው የብሩሽ ጽሑፍ እንደቆመ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የፊደላችሁ መልክ ምንድን ነው? «ታ» እግሯ እንደ ትንኝ እግር ቀጥኖ፣ «ቦ» እንደ ተቀማ ሰው ቆማ! በዚህ ፊደል ላይ የእኔ ስም እንዲነሣ አልፈልግም። ሙህዲን ግን ይቸኩላል። እስከ መስከረም መቶ ሰማንያውም ተጽፎ ማለቅ አለበት ብሏል፤ ካልሆነ ለጎረምሳው ይሰጣሉ። ቶሎ መልስ።

አጎትህ ኃይለሚካኤል


ሻርጃ፣ የካቲት 30 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ለትንሣኤው በጤና ያድርስዎ።

ደብዳቤዎን ሳነብ ምሳ የምንበላበት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሰዎቹ አበደ አሉኝ። ጋሼ፣ ፕላስቲክ ላይ ማን ቫርኒሽ ይቀባል! ቫርኒሹ ሙጫውን አቅልጦ ፕላስቲኩን ጎትቶታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አደረጉት። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እርስዎ ሥራዎን ሳይቀቡ እንደማይለቁ እያወቅሁ «እንዳይቀቡ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ሌላ ቁርጥ ልኬያለሁ። እባክዎ ምንም ሳይቀቡት ይቆይ፤ ቫርኒሽ አይሻም።

ስለ ፊደሉ መልክ ያሉት ልክ ነው። እዚህ ያለው የኮምፒውተር ፊደል እኔንም አሳፍሮኛል። ግን መላ አለው። ማሽኑ የተሰጠውን ቅርጽ ነው የሚቆርጠው። እርስዎ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ከነእርባታቸው ይጻፉልኝ፤ አሥሩን አኃዝም ይጨምሩ። አንዴ ከገባ በኋላ የፈለጉትን ቃል ከእርስዎ ፊደል አቆማለሁ። መቶ ሰማንያ ባጃጅ የእርስዎን እጅ ጽሑፍ ለብሶ ዳገቱን ሲወጣ ይታይዎት። ጎረምሳው ያን ከየት ያመጣል?

ለእርስዎ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስንቴ አይቻለሁ፤ ያለ ማስመሪያ፣ ባንድ ትንፋሽ። እኔን ደግሞ ውስጡን ቀለም ሙላ ብለው መስመር ባሳለፍኩ ቁጥር «ይህ ፊደል ነው፣ እርሻ አይደለም» ይሉኝ ነበር።

ጽሑፌ ቢወላገድ ይቅርታ፤ የጣቴ ጫፍ በመርፌ ተወግቶ ነው። ለመሆኑ መነጽርዎ እስካሁን አልተጠገነም?

በርናባስ


ሀዋሳ፣ ሰኔ 3 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለበርናባስ። ጤናህን እየጠየቅን እኛ ደህና መሆናችንን እንገልጻለን። መልሱ ዘገየብህ፤ በመሀል ፋሲካ ነበር፣ ከዚያ የምርጫው ሰሞን መጣ፣ ከዚያም ዝናቡ።

አዲሱን ቁርጥ ምንም ሳልቀባ ለጠፍኩት። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ይዟል። በሐይቅ ውሃ ታጥቧል፣ በፀሐይ ነድዷል፣ አንድ ተሳፋሪ በቁልፍ ፍቆታል፤ ይዟል። የታተመውማ ከነአካቴው ነጥቶ ሙህዲን ነቅሎ ጣለው። ስለዚህ ይሁን፤ ቁርጡ ይሻላል። ይህን ስል ምን እንደተሰማኝ አትጠይቀኝ።

ስለ ፊደሉ አስቤበታለሁ። ብዙ ድካም ነው፣ ለአንተም ለእኔም። እንዳለ በኮምፒውተሩ ፊደል ቁረጠው። የባጃጅ ቁጥር ነው እንጂ የወንጌል መጽሐፍ አይደለም። የትንኝ እግርም ቢሆን ሰው ያነበዋል።

መነጽሬ ገና ነው። ባለ መነጽሩ ሰውዬ ነገ ይላል።

ማሽን የሚሠራ ሰውን መርፌ ምን ነካው?

አጎትህ ኃይለሚካኤል


ሻርጃ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2002 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላምታዬ አጭር ቢሆን ፍቅሬ አላጠረም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈው ሰው እርስዎ አይደሉም። እኔ የማውቃቸው ጋሼ፣ የፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳ ላይ የ«ጉ» አንገት አንድ ጣት ዘመመ ብለው ሌሊቱን ሳይተኙ አድረው፣ ሲነጋ በራሳቸው ቀለም ያደሱ ሰው ናቸው። አሁን «የትንኝ እግርም ቢሆን» ይሉኛል? ስምንት ወር የሚጠገን መነጽርስ ምን ዓይነት መነጽር ነው? እማዬን በስልክ ጠየቅኋት። «ዝናቡ በርትቷል» አለችኝና ስለ ዝናብ ስታወራ ካርዱ አለቀ።

ጋሼ፣ እንቅልፍ የለኝም። ታመዋል? ሰው አስቀይሞዎታል? ከሆነ ይንገሩኝ። እኔም እዚህ ባሻኝ ጊዜ አልሠራም፤ ማሽኑን በዚህ ሥራ ላይ ማዋል የምችለው እስከ ጳጉሜን ባሉት ዓርብ ቀኖች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ፊደሉን ይላኩልኝ። የትንኝ እግር አልቆርጥም።

በርናባስ


ሀዋሳ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ይድረስ ለበርናባስ። በአልማዝ እጅ አንድ ጥቅል ወረቀት ይደርስሃል። የጠየቅኸው አለበት፤ ሁሉም ባይሆን የሚበቃህን ያህል። ከየት መጣ ብለህ አትበርብር። ቁረጠው።

ሙህዲን ሌላ ሥራ ጨምሮልኛል። ደበሌ የሚባል የማኅበሩ አባል ከቁጥሩ በላይ «ጰራቅሊጦስ» ተብሎ በሰፊው ይጻፍልኝ ይላል፤ ሕፃኗ ልጁ ከሕመም የተነሣችው በጰራቅሊጦስ ዕለት ነው። እሱንም አደራ።

ኃይለሚካኤል


ሻርጃ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለአባቴ ምትክ ለጋሼ ኃይለሚካኤል። ሺህ ጊዜ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ጥቅሉን ዓርብ ጠዋት ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። በአንድ ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተጻፈ ፊደል አልነበረም። አንዱ መዳፍ ያክላል፣ አንዱ ስድስት ቦታ ታጥፎ የመጣ የበር ያህል ነው። «ሩ» ላይ የሚስማር ቀዳዳ አለ። «ፋ» ወገቧ ላይ የግድግዳ ስንጥቅ አለ፤ ወረቀት ግድግዳው ላይ ዘርግቶ የገለበጠው ሰው ስንጥቁንም ጭምር ነው የገለበጠው፤ ሩሐማ ናት፣ የሰጧትን የማታጎድል። «ጴ» ከፎቶ ቤቱ፣ «ጳ» ከጋራዡ እንደመጡ ወዲያው ለየሁ። ከዚያ «መ»ን አየሁ። በቀኝ ሆዷ በኩል ቀለም መስመር አልፎ አብጧል። ይህች «መ» መናኸሪያ በር ላይ ካለው ምግብ ቤት ናት። ያን እብጠት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ተቆጥተውኝ ነበር፤ ግን አላረሙትም። ይኸው ሳያርሙት ላኩልኝ።

ጋሼ፣ በከተማው እየዞሩ የራስዎን ፊደል ከግድግዳ ለቀሙ። ለምን እንደሆነ የገባኝ መጨረሻ ላይ ነው። «ጰ» የሚል ሰሌዳ በሀዋሳ አልተገኘም መሰለኝ። ያቺ አንዲት ፊደል ብቻ በእጅ ተጽፋለች፤ መስመሯ ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጣል። ሦስቴ ተሞክሮ ሁለቱ ተሰርዟል። ወረቀቷን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። መነጽር የሚባል ነገር የለም። እጅዎ ነው።

እኔም ልናገር። ማሽኔ ያልኩት ማሽን የእኔ አይደለም፤ እንድነካውም አልተፈቀደልኝም። ሥራዬ ከተቆረጠው ፊደል ውስጥ ትርፉን በመርፌ እየለቀሙ ማውጣት ነው፤ ዓመት ሙሉ። ለእማዬ «ማሽን ላይ ነኝ» ያልኩት ልጇ ትልቅ ሰው የሆነ እንዲመስላት ነበር። ቆራጩ ኬራላ ከሚባል የሕንድ አገር የመጣ ሰው ነው። ናሙናውንም የቆረጠው እሱ ነው፤ በእረፍት ቀኑ ዓርብ ዓርብ መጥቶ ሊቆርጥልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ የእርስዎን ፊደሎች ሳሳየው ግን ማሽኑን እየከፈተ እኔኑ አስተማረኝ። መቶ ሰማንያውን አብረን ቆረጥን። ትርፉን ግን ማንንም አላስነካሁም። የ«ቦ»ን ሆድ፣ የ«0»ን ዓይን፣ አንድ በአንድ እኔው ለቀምኩ።

«ጰ»ን ላቃናት እችል ነበር። ሕንዱም «ኮምፒውተሩ በሁለት ደቂቃ ያስተካክላታል» አለኝ። እንዳለች ቆረጥኳት። ካልወደዷት እርስዎ ይንቀሏት፤ እኔ ግን አልችልም።

በርናባስ


ሀዋሳ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2003 ዓ.ም.

በርናባስ ልጄ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ።

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። በእጄ። ሩሐማ አጠገቤ ተቀምጣ እስክርቢቶውን ልትቀማኝ ታስባለች። ማንበብ ካቃተህ ጥፋቱ የዓይንህ አይደለም። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛልና አጭር ነው።

እጄ የጀመረው ካቻምና በጥምቀት ሰሞን ነው። መጀመሪያ ብርድ መሰለኝ። ከዚያ ብሩሹን በሁለት እጅ መያዝ ጀመርኩ። ሥራ ሲመጣ «ሞልቶብኛል» እያልኩ መለስኩ፤ ሰው ኮራ አለኝ፤ ይበለኝ። በዝናብ ከሩሐማ ጋር ስንዞር እሷ መሰላል ላይ፣ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ነበር። ምን ታደርጋላችሁ ሲሉን «ልናድስ ነው» እላለሁ። ስልሳ ሰሌዳ ቆጥሬ ወጣሁ፤ ያገኘሁት አሥራ ዘጠኝ ነው። ሌላው ተነቅሎ በላስቲክ ባነር ተተክቷል። በርናባስ፣ ያን ጊዜ ነው የከፋኝ። ከእጄ ይልቅ እሱ ከፋኝ።

የመርፌው ነገር እንደገባኝ ልንገርህ፤ ገና በየካቲቱ ደብዳቤ ጠርጥሬሃለሁ። እናትህ አልሰማችም፤ ከእኔም አትሰማም። ትርፉን ያለቀመ ሰው ፊደል አያውቅም፤ እኔም አንተን ያስጀመርኩህ ውስጥ በመሙላት ነው።

መቶ ሰማንያው ተለጥፎ አለቀ። ሩሐማ ለጠፈች፣ እኔ አየሩ ወጥቷል አልወጣም ስል ዋልኩ። ጎረምሳውም ሊያይ መጥቶ ጣቱን በፊደሉ ላይ አስኪዶ ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣና የቅዱሳኑን ሥዕል እሱ ሊያትም፣ ጽሑፉን እኛ ልንሠራ ተስማማን። ሱቁ አልተዘጋም።

መጨረሻ የመጣው ደበሌ ነው። «ጰራቅሊጦስ» ተለጥፎለት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየው፤ ብዙ ሰው ቆሞ ነበር፣ ሙህዲንም ነበር። «ጋሼ» አለኝ፣ «ቆንጆ ነው፤ ይቺን የመጀመሪያዋን ግን ማሽኑ አበላሽቷታል።»

አፌ ላይ «አዎ» ደርሶ ነበር። ሁለት ዓመት «ሞልቶብኛል»፣ «መነጽሬ» ሲል የኖረ አፍ ነው፤ ለእሱ ምን ይከብደዋል።

«ማሽኑ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ማንም አልሳቀም። ደበሌ ቀረብ ብሎ በመዳፉ ዳሰሳትና «ትቆይልኝ» አለ። አሁን ዳገቱን ስትወጣ ከሱቄ በር ላይ ሆኜ አያታለሁ።

ቫርኒሽ አልቀባሁባትም።

አጎትህ ኃይለሚካኤል፣ በገዛ እጄ